የምረቃ ጋዋንን ማንበብና በወጉ መልበስ

የምረቃው ሰልፍ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ የመልበሻ ክፍል ውስጥ አንድ አዲስ ዶክተር አጠገቤ ቆመው ነበር። ጋዋናቸው በደንብ ተተኩሷል፤ ቆባቸውም ቀጥ ብሏል። ዞር ሲሉ ግን ጀርባቸው ላይ የሚታየው ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነው። ከአንገታቸው ወደ ኋላ የሚወርደው ሁድ ሳይገለበጥ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ከኋላቸው ቀርቤ የገበሩን ጫፍ በሁለት ጣቶቼ ያዝኩና ወደ ውጭ ገለበጥኩት። ሐሩ ብርሃን ሲያገኝ የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ቀለማት ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ተዘረጉ። የስንት ዓመት ድካማቸው በአንዲት እጥፋት ተሸፍኖ መድረክ ሊወጡ ነበር።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያቺ እጥፋት ሌላ ሰው ላይ እንዳትደገም ነው። የምረቃ ልብስ የሚነበብ ነገር ነው። ከሩቅ ሁሉም ጥቁር ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን የለበሰው ሰው እስከ የት እንደተማረ፣ ምን እንዳጠናና ከየት እንደተመረቀ ይናገራል። ለማንበብ ግን ቅደም ተከተል አለው። ብዙ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለም ላይ ስለሆነ ከቀለም ይጀምራል፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት በቃላት እንግባባ። ጋዋን የምለው ረጅሙንና ሰፊውን ካባ ነው። ሁድ የምለው ከአንገት ተነስቶ በጀርባ ላይ የሚወርደውን፣ በጠርዙ ከፋይ፣ በውስጡ ደግሞ ባለቀለም ገበር ያለውን ክፍል ነው። መርገፍ የምለው ከቆቡ መሃል የሚንጠለጠለውን የክር ጉንጉን ሲሆን ዘርፍ የሚሉትም አሉ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መነሻውን ይወቁ

ይህን ደረጃ መዝለል የሚፈልግ ይኖራል። አይዝለሉት። የልብሱ ቅርጽ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚገባው መነሻውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ሲደራጁ፣ በተለይ በፓሪስና በኦክስፎርድ፣ መምህሩም ተማሪውም ከካህናት ወገን የሚቆጠር ሰው ነበር። የሚለብሰውም የካህን ልብስ ነው፤ እስከ እግር የሚደርስ ቀሚስ፣ በላዩ ካባ፣ ከካባው ጋር ጭንቅላትንና ትከሻን የሚሸፍን ቆብ። በ1222 በኦክስፎርድ የተሰበሰበው ሲኖዶስ፣ በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በስቲቨን ላንግተን መሪነት፣ ካህናት ከፊት የተዘጋ ረጅም ካባ እንዲለብሱ አዘዘ። ትእዛዙ ለካህናት ይውጣ እንጂ ካህን ተብለው የሚቆጠሩትን የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ይመለከት ነበር። በዚያ ላይ የድንጋዩ አዳራሽ እሳት የማይነድበት ቀዝቃዛ ቤት ነው። ወፍራም ካባና ጆሮን የሚሸፍን ቆብ ለጌጥ ሳይሆን ለሙቀት ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቀላል ነው። የከተማው ሰው ልብስ እያጠረና እየጠበበ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲዎች በያዙት ጸኑ። በአንድ ወቅት ማንም ይለብሰው የነበረው ልብስ ሌላው ሰው ሲተወው የምሁር ምልክት ሆነ። በ1636 የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር በነበረው በዊልያም ሎድ የበላይነት የወጣው የኦክስፎርድ ደንብ ደግሞ ማን ምን መልበስ እንዳለበት በጽሑፍ አጸና። ዛሬ በጀርባችን ላይ የሚንጠለጠለው ሁድ ያ የብርድ ቆብ ነው። ጭንቅላት ላይ የሚደረግ ቆብ ለብቻው ሲመጣ ሥራ ፈትቶ ወደ ኋላ ወረደ፤ የውስጥ ገበሩ ወደ ውጭ ተገለበጠና ቀለም መናገሪያ ሆነ። በአንዳንድ የእንግሊዝ ሁዶች ግርጌ እንደ ጅራት የሚወርድ ቀጭን ቁራጭ ያያሉ፤ እሱም ከዚያው ከመካከለኛው ዘመን ቆብ ጫፍ የተረፈ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም እፈልጋለሁ። ጋዋን ሀብታምና ድሃን እኩል ለማድረግ የተፈጠረ ነው ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ለብዙ ዘመን በኦክስፎርድ የመኳንንት ልጆች ቆባቸው ላይ የወርቅ መርገፍ ያደርጉ ነበር፤ ሌላው ጥቁር። የተማሪዎቹም ጋዋን እንደየደረጃቸው ይለያይ ነበር። ልብሱ ከመጀመሪያውም ሰውን ከሰው ይለያል። ዛሬ የሚለየው በትውልድ መሆኑ ቀርቶ በተማሩት ልክ መሆኑ ግን ትልቅ ለውጥ ነው፤ እኔ ልብሱን የምወደውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ የየትኛው ሥርዓት ልብስ እንደሆነ ይለዩ

ነጭ ቀለም ምን ማለት ነው? በአሜሪካው ደንብ የሥነ ጥበባት፣ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ማለት ነው። በስፔን ነገረ መለኮት ነው። ቀይስ? በአሜሪካ ደማቅ ቀይ ነገረ መለኮትን ሲያመለክት፣ በስፔን ቀይ የሕግ ትምህርት ነው። ሕክምና በአሜሪካ አረንጓዴ፣ በስፔን ቢጫ። እንግዲህ ሥርዓቱን ሳይለዩ ቀለሙን ማንበብ ቋንቋውን ሳያውቁ ፊደሉን እንደመቁጠር ነው።

በዓለም ዙሪያ የሚያዩት አብዛኛው የምረቃ ልብስ ከሁለት ምንጮች በአንዱ ተቀድቷል። አንደኛው የእንግሊዝ ወግ ነው። እዚያ አንድ የጋራ ደንብ የለም፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ጋዋንና ሁድ ይደነግጋል። የኦክስፎርድ የማስተርስ ሁድ ጥቁር ሆኖ ገበሩ ደማቅ ቀይ ሐር ነው፤ የካምብሪጅ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ገበሩ ነጭ ሐር ነው። የሁለቱም የመጀመሪያ ዲግሪ ሁድ ነጭ የጸጉር ጠርዝ አለው። ይህን በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም። የሁዶቹ ቅርጽ ብዛት ራሱን የቻለ ጥናት ሆኖ፣ ኒኮላስ ግሮቭስ የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ቅርጾቹን በፊደልና በቁጥር የሚመድብ ዘዴ እስከማዘጋጀት ደርሰዋል። በኦክስፎርድ ልብሱ ለምረቃ ብቻ አይደለም፤ ተማሪዎች ፈተና የሚቀመጡትም ጋዋን ለብሰው ነው። በልማድ ለመጀመሪያው ፈተና ነጭ፣ ለመካከለኞቹ ሮዝ፣ ለመጨረሻው ቀይ የካርኔሽን አበባ ደረታቸው ላይ ይሰካሉ። በ2015 ይህ የፈተና ልብስ ግዴታነቱ ይቅር ወይስ ይቀጥል በሚለው ላይ ተማሪዎች ድምፅ ሰጥተው ከሦስት አራተኛ በላይ የሆኑት ድምፅ ሰጪዎች ይቀጥል ብለዋል።

ሁለተኛው ምንጭ የአሜሪካው ደንብ ነው። ጋርድነር ኮትሬል ሌናርድ የተባለ የኦልባኒ ከተማ ሰው በ1887 ከዊሊያምስ ኮሌጅ ሲመረቅ ለክፍል ጓደኞቹ ጋዋን ነደፈ። በጉዳዩ ላይ መጻፍና መሟገት ቀጠለና በ1895 የዩኒቨርሲቲዎች ተወካዮች በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው አንድ የጋራ ደንብ አጸደቁ። ደንቡ በኋላ በአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ሥር ተሻሽሏል። ትልቁ ጥቅሙ ማንም ሰው አንድ ጊዜ ከተማረው የብዙ መቶ ተቋማትን ልብስ ማንበብ መቻሉ ነው። ደንቡ ግን ምክር እንጂ ሕግ ስላልሆነ የራሳቸውን ቀለም የሚያስገቡ አሉ። የሃርቫርድ የዶክትሬት ጋዋን ደማቅ ቀይ፣ የዬል ደግሞ ሰማያዊ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በፈረንሳይ ደረጃው የሚታወቀው በግራ ትከሻ ላይ በሚንጠለጠለው ቁራጭ ላይ ባሉት ነጭ የጸጉር ረድፎች ቁጥር ነው፤ ሦስት ረድፍ ዶክተር ነው። በስፔን ዶክተሮች በትምህርት መስካቸው ቀለም የተሠራ አጭር የትከሻ ካባና ቆብ ያደርጋሉ። በፊንላንድ ዶክተር ከፍ ያለ ቆብ ይደፋል፤ ሰይፍም ይታጠቃል። ሰልፍ ላይ ሰይፍ የታጠቀ ምሁር ካዩ እንግዲህ አይደንግጡ።

ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በዋናነት የምጽፈው በአሜሪካው ደንብ ነው። የእንግሊዙ የሚለይበትን በየቦታው እጠቁማለሁ።

ደረጃ 3፦ እጅጌውን ይመልከቱ

ከሩቅ የሚነበበው እጅጌ ነው። ሰውዬው ክንዱን ትንሽ ከፍ እስኪያደርግ ይጠብቁ።

እጅጌው ወደ ታች እየሾለ እንደ ቀስት ጫፍ የሚያበቃ ከሆነ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ይህ ጋዋን ከፊት ተዘግቶ የሚለበስ ሲሆን ጌጥ የለውም።

እጅጌው ረዘም ብሎ ከእጅ አንጓ በታች እንደ ኪስ የሚንጠለጠል ቁራጭ ካለው ማስተርስ ነው። የዚያ ቁራጭ የኋላ ጎን በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ሲሆን የፊት ጎኑ በግማሽ ክብ ተጎርዷል። ብዙ ተመራቂ ይህን ተንጠልጣይ ነገር የስፌት ስህተት ይመስለዋል። ወደ ውስጥ ሊያጥፈው ወይም በመርፌ ሊያሳጥረው የሞከረ ሰውም አይቻለሁ። ስህተት አይደለም፤ የመካከለኛው ዘመን ረጅም እጅጌ ትዝታ ነው። በእንግሊዝ የማስተርስ ጋዋን ላይ እንዲያውም እጅጌው ከታች ጭራሽ የተዘጋ ነው። ክንድ የሚወጣው በላይኛው ክፍል በተተወ ክፍተት ሲሆን የቀረው የእጅጌ ርዝመት በባዶው ይንጠለጠላል።

እጅጌው ሰፊ ሆኖ እንደ ደወል ከተከፈተ፣ በላዩም ሦስት አግዳሚ የከፋይ መስመሮች ካሉት ዶክትሬት ነው። የዶክተሩ ጋዋን ከአንገት እስከ ግርጌ በፊት ለፊቱ በሁለቱም ወገን ከፋይ ተሰፍቶበታል። ከፋዩ ጥቁር ወይም የትምህርት መስኩ ቀለም ሊሆን ይችላል። እጅዎን ቢያሳርፉበት ከቀሪው ጨርቅ ጋር ያለው ልዩነት ወዲያው ይታወቃል፤ ጋዋኑ ለስላሳና ቀዝቃዛ ሲሆን ከፋዩ ግን ጣት የሚይዝ ሸካራ ሙቀት አለው። በእንግሊዝ ዶክተሮች ለበዓል የሚለብሱት ብዙውን ጊዜ ደማቅ ቀይ ነው። የኦክስፎርድ የፍልስፍና ዶክተር ቀይ ካባ ከፊቱና ከእጅጌው ላይ ሰማያዊ ሐር አለው።

ጋዋን ሁሉ ጥቁር ነው የሚለው ግምት የኋላ ዘመን ልማድ ነው። በመካከለኛው ዘመን ካባው ብዙ ዓይነት ቀለም ነበረው፤ የዶክተሮቹ ቀይም ከዚያ የቆየ ነው።

ደረጃ 4፦ ሁዱን በሦስት ጊዜ ያንብቡ

የልብሱ ዋና ገጽ ሁድ ነው። አንድ ጊዜ አይተው አይጨርሱት። መጀመሪያ ርዝመቱን፣ ቀጥሎ የጠርዙን ቀለም፣ በመጨረሻ ገበሩን ይመልከቱ።

ርዝመቱ ደረጃ ይናገራል። የመጀመሪያ ዲግሪ ሁድ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የማስተርስ 107፤ የዶክትሬት 122። የከፋዩ ጠርዝ ስፋትም አብሮ ያድጋል፤ በቅደም ተከተል 5፣ ከ7 እስከ 8 እና 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሜትር ይዞ መለካት አያስፈልግም። የዶክተሩ ሁድ ከጉልበት በስተኋላ አካባቢ ይደርሳል፤ ጠርዙም የመዳፍ ስፋት ያህላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ሁድ በደንቡ ቢኖርም አሁን በብዙ ቦታ ስለማይለበስ፣ ሁድ ያደረገ ሰው ካዩ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ሳይሆን አይቀርም።

የጠርዙ ቀለም የትምህርት መስኩን ይናገራል። ነጭ ሥነ ጥበባትና ሥነ ጽሑፍ፣ ወርቃማ ቢጫ ሳይንስ፣ አረንጓዴ ሕክምና፣ ወይን ጠጅ ሕግ፣ ብርቱካናማ ምሕንድስና፣ ውሃ ሰማያዊ የመምህርነት ትምህርት፣ የመዳብ ቀለም ኢኮኖሚክስ፣ ሮዝ ሙዚቃ፣ የበቆሎ ቢጫ ግብርና፣ ግራጫ የእንስሳት ሕክምና፣ የወይራ አረንጓዴ ፋርማሲ፣ ደማቅ ቀይ ነገረ መለኮት። ለአንዳንዶቹ የሚሰጠው ማብራሪያ ደስ ይላል። ነጩ የመጣው ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የመጀመሪያ ዲግሪ ሁድ ነጭ ጸጉር ነው ይባላል፤ ቀዩ ከቤተ ክርስቲያን፣ የሕክምናው አረንጓዴ ከመድኃኒት ቅጠላ ቅጠል። ፋርማሲ የሕክምና ጎረቤት በመሆኑ ለአረንጓዴ የሚቀርበውን የወይራ ቀለም አገኘ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ቀስ ብለን እንለፈው።

አንድ ሰው በግብርና የሳይንስ ማስተርስ አለው እንበል። ጠርዙ ወርቃማ ቢጫ ይሁን ወይስ የበቆሎ ቢጫ? የዲግሪው ስም "ሳይንስ" ይላል፤ የተማረው ግን ግብርና ነው። ደንቡ የሚለው የበቆሎ ቢጫ ነው፤ ቀለሙ የሚከተለው በዲግሪው ስም ላይ ያለውን ቃል ሳይሆን የተጠናውን መስክ ነው። ይህ ሲገባን ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል፤ በኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ያለው ሰው በዚሁ ሕግ የመዳብ ቀለም መልበስ የለበትም? የለበትም። ፒኤችዲ፣ ማለትም የፍልስፍና ዶክተር ዲግሪ፣ በየትኛውም መስክ ቢሆን ቀለሙ አንድ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ። በዚህ ላይ ጭቅጭቅ ስለበዛ በ1986 ደንቡ ሲሻሻል ይህንኑ የሚያብራራ ዓረፍተ ነገር ተጨምሯል። በኬሚስትሪ ይሁን በታሪክ ፒኤችዲ ያለው ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ይለብሳል። በሌላ ስም የሚሰጥ ዶክትሬት፣ ለምሳሌ የትምህርት ዶክተር፣ ግን የመስኩን ቀለም ይይዛል። ስለዚህ ጋዋን ከማዘዝዎ በፊት የዲግሪዎ ትክክለኛ ስም በሰነድዎ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ይመልከቱ። ቀለሙን በግምት የሚያዝዝ ሰው የሌላ ሰው ዲግሪ ለብሶ ይወጣል።

ገበሩ ዩኒቨርሲቲውን ይናገራል። ሁድ ለባሹ ዲግሪውን ያገኘበት ተቋም ቀለም ነው እንጂ አሁን የሚያስተምርበት ተቋም ቀለም አይደለም፤ በመምህራን ሰልፍ ላይ ያ ሁሉ የቀለም ዓይነት የሚታየውም ለዚህ ነው። ተቋሙ አንድ ቀለም ብቻ ካለው ገበሩ ወጥ ይሆናል፤ የሃርቫርድ ደማቅ ቀይ እንዲህ ነው። ሁለት ቀለም ካለው ሁለተኛው እንደ ተገለበጠ ወይም እንደ ቆመ "ቪ" ሆኖ በመጀመሪያው ላይ ይሰፋል። የኮሎምቢያ ፈዛዛ ሰማያዊ ላይ ነጭ "ቪ" አለው። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ስለሆኑ የ"ቪ"ው ቁጥርና አቀማመጥም መለያ ነው። ቸኩለው ስም አይጥሩ።

ደረጃ 5፦ ቆቡን በመጨረሻ

ቆብ ከሁሉ በላይ የሚታወቅ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚናገር ክፍል ነው። ካህናትና ሊቃውንት ያደርጉት ከነበረው አራት ማዕዘን ለስላሳ ቆብ የወረደ ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት ላዩ ጠንክሮ ሰሌዳ መሰለ። በእንግሊዝኛ ስሙ "ሞርታርቦርድ" የተባለው ግንበኛ ማልታ የሚያደርግበትን ጠፍጣፋ ጣውላ ስለሚመስል ነው። ዶክተሮች ብዙውን ጊዜ በዚህ ፈንታ ለስላሳ የከፋይ ቆብ ያደርጋሉ። ቆቡ ከከፋይ መሠራቱም፣ መርገፉ የወርቅ መሆኑም ለዶክተሮች የተተወ ነው። የቀረው ሰው መርገፍ ጥቁር ወይም የመስኩ ቀለም ነው። በኦክስፎርድ ሴቶች ዲግሪ እንዲቀበሉ በ1920 ሲፈቀድ ለእነሱ የተለየ ለስላሳ ቆብ ተዘጋጅቶ ነበር።

መርገፉ ከቀኝ ወደ ግራ መዞሩ ጥንታዊ ሥርዓት ይመስላል። ደንቡ ግን መርገፉ በየት ወገን መዋል እንዳለበት አጠቃላይ ሕግ የለም ይላል። ብዙ ተቋማት ከዲግሪው በፊት በቀኝ፣ ከዲግሪው በኋላ በግራ ማድረግን ልማድ አድርገዋል። ለእያንዳንዱ ተመራቂ ሁድ ማልበስ በማይቻልበት ቦታ ያቺ እንቅስቃሴ ምትክ ሆነች። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ባለጽሑፍ ሻርፕና ባለቀለም ገመድም እንዲሁ የ1895ቱ ደንብ አካል አይደሉም። አታድርጓቸው አልልም፤ ግን ሁዱን ከሸፈኑት ከስር ያለውን ዋና ጽሑፍ እንደደበቁት ይወቁ።

ደረጃ 6፦ መልበስ

ጋዋኑን ከሰልፉ ቀን በፊት ከፌስታሉ አውጥተው ሰፊ መስቀያ ላይ ይስቀሉ። እጥፋቱ በራሱ ካልለቀቀ በእንፋሎት ያላቁት። ካውያ ከፋይ ላይ በፍጹም አይጫኑ፤ የተጨፈለቀ ከፋይ አይነሳም። ርዝመቱ ከጉልበት በታች፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሲሆን ጥሩ ነው።

ከውስጥ ከፊት ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ይልበሱ። ምክንያቱ ሁዱ ነው። ሁድ ከኋላ ከባድ ስለሆነ ከፊት ያለውን ጠባብ ማሰሪያ ወደ ጉሮሮ ይስበዋል። በማሰሪያው መሃል ትንሽ የክር ቀለበት አለች፤ የሸሚዙ ቁልፍ ውስጥ ትገባለች። ይህችን ቀለበት የማያውቅ ሰው ሥነ ሥርዓቱን በሙሉ ጉሮሮውን እየነካካ ይጨርሳል። ልብስዎ ቁልፍ ከሌለው ማሰሪያውን በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ በኩል ከልብስዎ ጋር ያያይዙት።

ሁዱን ሲያጠልቁ ከፋዩ ወደ ውጭ፣ ጠባቡ ክፍል ወደ ፊት ይሁን። በጭንቅላትዎ ያሳልፉትና በሁለቱ ትከሻዎች ላይ ከፋዩ እኩል መታየቱን በመስታወት ያረጋግጡ። ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻዎን አይሞክሩ፤ ሰው ይጥሩ። ከኋላ የቆመው ሰው ከአንገትዎ ሥር ጀምሮ ከፋዩን ወደ ውጭ ያጥፈዋል፤ ከዚያ ከታች ያለውን ከረጢት ከፍቶ ገበሩን ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። ከፋዩ በሁለት ጎን እንደ ክፈፍ፣ ገበሩ በመሃል እንደ ሥዕል መታየት አለበት። ብዙ ሁዶች ከኋላ ቁልፍና ገመድ አላቸው፤ ገበሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚይዘው እሱ ነው። ከአንድ በላይ ዲግሪ ካለዎት አንድ ሁድ ብቻ ያድርጉ፤ የከፍተኛውን።

ሁዱን መድረክ ላይ ሌላ ሰው የሚያለብስዎት ከሆነ አጥፈው በግራ ክንድዎ ይያዙት፣ ለአልባሹ ሲሰጡም ከፋዩ ወደ እሱ ይሁን። ረጅም ከሆኑ ጉልበትዎን ትንሽ ያጥፉ። አንገትዎን ብቻ ከደፉ ቆቡ ይወድቃል።

ቆቡ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጥ። ፊቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይዋል፤ ወደ ኋላ የተገፋ ቆብ ፎቶ ላይ እንደ ክፈፍ ሆኖ ይወጣል። ውስጡን ሲያዩ አንዱ ጎን ላስቲክ ካለው ያ ወደ ኋላ ነው።

አዲስ ልብስ ለሚያስነድፉ

የአዲስ ተቋም ኮሚቴ ውስጥ ከሆኑ ከቀለም ምርጫ አይጀምሩ። መጀመሪያ ከየትኛው ሥርዓት ጋር መነበብ እንደምትፈልጉ ወስኑ። የአሜሪካን ቅርጽ ወስዶ የራስን የመስክ ቀለም መፍጠር ለባሾቹ ሌላ ቦታ ሲሄዱ በስህተት እንዲነበቡ ማድረግ ነው። ደረጃን በቅርጽና በስፋት፣ መስክን በጠርዝ፣ ተቋምን በገበር መለየት የተፈተነ ክፍፍል ነው። ሁሉንም ነገር በገበር ላይ ለመናገር የሞከረ ንድፍ ምንም አይናገርም። የጨርቅ ናሙናውንም በጠረጴዛ ላይ ብቻ አትዩት፤ አንድ ሰው ለብሶ ሃያ እርምጃ ይራቅ፣ ከዚያ ፍረዱ። ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ከጥቁር ጋዋን ጋር በአዳራሽ መብራት ሲቀላቀል በቅርብ ያላየነውን እናያለን።

ደረጃ 7፦ አንድ ሰው ያንብቡ

ሰልፉ እየገባ ነው። አንዲት ሴት ከፊትዎ ያልፋሉ። እጅጌያቸው እንደ ደወል ሰፊ ነው፤ ክንዳቸው ላይ ሦስት የከፋይ መስመር አለ። ዶክተር ናቸው። ለስላሳ የከፋይ ቆባቸው ላይ የወርቅ መርገፍ ይወዛወዛል፤ ያነበቡትን ያጸናል። አልፈውዎት ሲሄዱ ጀርባቸውን ያያሉ። ጠርዙ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ፒኤችዲ ነው። ገበሩ ብርቱካናማ ሆኖ በላዩ ጥቁር "ቪ" አለው። ፕሪንስተን ብለው ሊጮኹ ይችላሉ፤ ግን ኦሪጎን ስቴት ዩኒቨርሲቲም ቀለሙ ብርቱካናማና ጥቁር ነውና የ"ቪ"ውን ቁጥርና አቀማመጥ እስኪያዩ ይታገሱ።

ምን አጥንተው ይሆን? የከዋክብትን ብርሃን? የአፈርን ጨው? የጥንት ሰዋስው? ጥቁር ሰማያዊው ፒኤችዲ ከማለት አያልፍም፤ ልብሱ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ጠጋ ብለው ራሳቸውን ይጠይቋቸው።